ለሽቅብም ለቁልቁለትም አንድ ጫማ፦ ለሰሜን ሸዋ ገደል የቱ ይሻላል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ደወለና "ጓሳ ልንወጣ ነው፣ ስንመለስ ደሞ በአንኮበር አድርገን ወደ ቆላው እንወርዳለን፣ ያለኝ ብር ለአንድ ጫማ ብቻ ነው፣ ምን ልግዛ?" አለኝ። አንዱን ስለው "እሱ ሲወጡበት ይከብዳል አሉ"፣ ሌላውን ስለው "እሱ ሲወርዱ ያንሸራትታል አሉ"፣ እንዲህ እየተባባልን ካርዱ አለቀ። በቃ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ እናቴ ግን ከአንኮበር በታች ነው ያለችው፣ ከመኪና ከወረድኩ በኋላ ሶስት ሰአት የሚሆን ቁልቁለት አለ፣ ስመለስ ያው መንገድ ዳገት ይሆንና አምስት ሰአት ይፈጃል። በአመት ስድስት ሰባቴ እመላለስበታለሁ። በዚች መንገድ ላይ ያልሞከርኩት ጫማ የለም፣ የሁለቱም እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ወልቆ ያውቃል፣ የግራው እንደውም ሁለት ጊዜ። እናቴ "አንተ ልጅ ጫማ አብዝተህ ነው እግርህ የሰነፈ" ትላለች፣ እሷ በኮንጎ ጫማ ነው እድሜዋን ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ የኖረችው፣ ስለሱም እመለስበታለሁ።

ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሰው ጫማ ሲገዛ የሚያስበው ሽቅቡን ነው፣ ምክንያቱም ዳገት ያስፈራል፣ ስለዚ ቀላል ጫማ ይፈልጋል። ዳገት ላይ ግን የሚያለቅሰው ሳንባና ባት ነው፣ መጥፎ ጫማም ቢሆን ቀስ እያሉ እየቆሙ እየተነፈሱ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ነው ጫማ የሚፈተነው። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሙሉ ክብደትህ ከነቦርሳህ እግርህ ላይ ይወድቃል፣ እግርህ ጫማው ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል፣ ጣትህ የጫማውን አፍንጫ ይመታል፣ ይሄ አንዴ ቢሆን ምንም አይደለም ግን ሶስት ሰአት ሙሉ በየእርምጃው ነው፣ ማታ ካልሲህን ስታወልቅ ጥፍርህ ጠቁሮ ታገኘዋለህ፣ ከሁለት ሶስት ወር በኋላ ይወድቃል።

እኛ ጋ ደሞ ነገሩ የተገለበጠ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሌላ አገር ተራራ የሚወጣ ሰው ከስር ይነሳል፣ በደህና እግር ይወጣል፣ ከዛ ይወርዳል። እኛ የምንኖረው አናቱ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፣ በጣርማበር ዋሻ አልፈህ (ያው ጣሊያን የቆፈረው፣ ጉሙ ሲወርድ ፊትህ ያለው መኪና የማይታይበት) ደብረ ሲና ወርደህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ነህ። በመኪና ጆሮህ ድፍን ይላል፣ በእግር ደሞ አስበው። ስለዚ እዚህ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ይወርዳል፣ ጣቱን ይጎዳል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዛ በተጎዳ እግር ዳገቱን ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ የተበላሸ እግር ዳገቱንም ያበላሸዋል፣ ለዚህ ነው ጫማ ስትመርጡ ለቁልቁለቱ ምረጡ፣ ለሽቅቡ ደሞ አቅልሉት የምለው። እንዴት እንደሚቀል ወደ በኋላ።

የአክስቴ ልጅ ስዊዘርላንድ ነው ያለው፣ በነሱ ብርድ ወራት የስኪ ጫማ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ይሰራል፣ አንድ ቀን በቪዲዮ እያሳየኝ ነው ነገሩ የበራልኝ። ስኪ ማለት ያው በረዶ ላይ በሁለት ረጃጅም ሳንቃ መንሸራተት ነው። ቁልቁል ብቻ ለሚንሸራተተው ሰው የሚሰጠው ጫማ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ በዘለበት ይጠበቃል፣ ባትህን ወደፊት ዘንበል አርጎ ይዞ ቁርጭምጭሚትህን ንቅንቅ አያስብልም፣ ጥንዱ አራት ኪሎ ገደማ ይመዝናል (ሰፈሩን ማለቴ አይደለም)። እሱን አርገህ መራመድ በሁለት ባልዲ ውስጥ ቆሞ እንደመሄድ ነው አለኝ፣ ግን እነሱ አይራመዱም፣ በገመድ ላይ የሚሄድ ወንበር ነው የሚያወጣቸው። በእግሩ ተራራውን ወጥቶ ከዛ ለሚንሸራተተው ደሞ ሌላ ጫማ አለ፣ ቀለል ያለ፣ ከኋላ በኩል ከተረከዙ በላይ ማንሻ ያለው። ሽቅብ ሲሄድ ማንሻውን ይፈታል፣ ባቱ ወደፊትም ወደኋላም እንደልቡ ይታጠፋል፣ ጫፍ ሲደርስ ማንሻውን ይቆልፋል፣ ጫማው ድርቅ ይላል፣ ከዛ ይወርዳል። "ሁለቱንም በአንድ ጫማ እፈልጋለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ ምን ትለዋለህ ስለው "ሁለቱንም እኩል የሚያደርግ ጫማ የለም፣ የትኛው ላይ ነው የምትጎዳው ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ ለዛ የሚሆነውን እሰጠዋለሁ" አለኝ። የጥንካሬ ቁጥር አለው፣ 130 የተጻፈበት ድርቅ ያለ ነው፣ ግን ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ብቻውን አትመነው ብሎኛል፣ ልክ እንደኛ 42 ቁጥር ማለት ነው፣ የአንዱ 42 የሌላው 41 ነው።

በነገራችን ላይ ስኪ ለኛ ጨርሶ ባዳ አይደለም፣ ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። የሱ ግን አገር አቋራጭ የሚባለው ነው፣ ጫማው ቀላል ነው፣ ተረከዙም ከሳንቃው ጋር አይታሰርም። ለማንኛውም ከዛ ቪዲዮ የያዝኩት ማንሻውን ነው። እኛ ማንሻ የለንም፣ የጫማ ክር ግን አለን። እንሂድ ወደ ጫማዎቹ።

ከአገሩ ጫማ ልጀምር፣ ኮንጎና በረባሶ። ከተሜ ይስቅበታል ግን አንድ ጥበብ አለው፣ በረባሶ ፊቱ ክፍት ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ጣት የሚመታው ነገር የለም። ጥፍሩ የጠቆረ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ጎማው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ስለሆነ ድንጋይ አይበሳውም፣ አያልቅም። ችግሩ እግሩ ነው፣ የነሱ እግር ከልጅነት ጀምሮ የጠነከረ ነው፣ የኛ በካልሲ ያደገ ነው፣ ማሰሪያው ሁለት ሰአት ሳይሞላ ይልጠዋል። ዝናብ ሲሆን ደሞ ጭቃው በእግርህና በጎማው መሀል ይገባና እግርህ በጫማው ላይ ወደጎን ይሸሻል፣ ጎማው ድንጋይ ቢቆነጥጥም አንተ ከጎማው ላይ ትወርዳለህ። ታች ቆላ ስትደርስ የግራር እሾህ አለ። ኮንጎ ደሞ ሙሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሞቅ ያልብሃል፣ ሲያልብህ ያንሸራትታል። የእናቴን እግር ካልያዛችሁ አትሞክሩት፣ ጨርሻለሁ።

ፕላስቲክ ቦት። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለውን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው ቦትን አይንቅም፣ ያ ጭቃ ሌላውን ጫማ ከእግርህ ላይ አውልቆ ነው የሚያስቀረው። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳ ላይ ለሚውል ሰው፣ ለገበሬ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን፣ ለመምህር፣ ከቦት የሚሻል የለም። ገደል ላይ ግን በጭራሽ። ክር የለውም፣ እግርህን የሚይዘው ነገር የለም፣ ቁልቁለት ላይ እግርህ ውስጡ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ወደፊትና ወደኋላ ይመታል። የመጀመሪያው የግራ ጥፍሬ በቦት ነው የሄደው። ከላይ ጠርዙ ደሞ ባትህን ይፍቀዋል። ውሃ አያስገባም ይባላል፣ ልክ ነው፣ ላብም አያስወጣም፣ ማታ ላይ ካልሲህን ስትጨምቀው የመጣው ከሰማይ ይሁን ካንተ አታውቅም። የግድ በቦት መውረድ ካለባችሁ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቡ፣ እግራችሁን ጨምቆ እንዲይዝ።

ከስክስ። ይሄ ብዙ ተከራካሪ አለው። ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ አፍንጫው ጠንካራ ነው፣ ሊስትሮ ሁሉ ሊሰፋው ይችላል፣ አንዴ ከገዛኸው አመታት አብሮህ ይኖራል። ክሩ ረጅም ስለሆነ ከታች አጥብቀህ ከላይ ማላላት ወይ ተቃራኒውን ማድረግ ትችላለህ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቁልቁለት ላይ ነፍስ ነው። ሽቅብ ላይ ግን ይከብዳል፣ አንዱ እግር ብቻ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ክብደት እግር ላይ ሲሆን ጀርባ ላይ እንዳለ ክብደት አይደለም፣ በየእርምጃው ታነሳዋለህ ታስቀምጠዋለህ፣ እግር ላይ ያለ አንድ ኪሎ ጀርባ ላይ ካለ አራት አምስት ኪሎ ጋር የሚተካከል ጉልበት ይበላል። አምስት ሰአት ዳገት ላይ ሂሳቡን ራሳችሁ አስቡት። ቆዳው ደሞ እስኪለምድ ድረስ ተረከዝ ይበላል፣ ከረጠበ ሁለት ቀን አይደርቅም፣ ያውም ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ። ሌላም ነገር አለ፣ በዚህ ጊዜ ከስክስ አድርጎ በማያውቁህ ሰዎች መሀል መሄድ አላስፈላጊ ጥያቄ ያመጣል፣ እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ ትቼዋለሁ። የየትኛውም መንገድ ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ሳትጠይቁ እንዳትነሱ፣ ይሄ ከጫማውም ይቀድማል።

ስኒከር። ከተማ ውስጥ የምናደርገው፣ ሶሉ ልሙጥ የሆነው። ለእንጦጦ ይሆናል፣ ለጣርማበር አይሆንም። የጠዋት ጤዛ ብቻውን ያርሰዋል፣ እርጥብ ሳር ያለበት ቁልቁለት ላይ በመቀመጫህ ነው የምትወርደው። ሸራም ያው ነው።

ግን ከስኒከር ውስጥ ለብቻው ማየት ያለባችሁ አለ፣ ለገጠር መንገድ ሩጫ ተብሎ የሚሰራው፣ ሶሉ ጥርስ ጥርስ ያለው። መልኩ የሩጫ ጫማ ነው፣ ስትገለብጠው ግን እንደ ትራክተር ጎማ ነው። አንዱ እግር 300 ግራም አካባቢ ነው፣ የከስክስ ሲሶ ማለት ነው፣ ሽቅብ ላይ ጫማ እንዳደረክ ትረሳለህ፣ ከረጠበ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ፣ ቦርሳህ ከአምስት ስድስት ኪሎ ካልበለጠ፣ እግርህም መንገድ የለመደ ከሆነ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ጉዳቱ ሶሉ ስስ ስለሆነ ሹል ድንጋይ ይሰማሃል፣ ቁርጭምጭሚትህን የሚይዝ ነገር የለም። ለጀማሪ፣ ወይ ድንኳንና ምግብ ተሸክሞ ለሚወርድ ሰው አልመክርም። ሰልባጅ ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሻጩ ራሱ ምን እንደሆነ ስለማያውቀው ከተራ ስኒከር ጋር ደባልቆ በተራ ስኒከር ዋጋ ይሰጥሃል፣ ዝም ብለህ ክፈል።

አሁን ወደ ዋናው፣ የተራራ ጫማ፣ ሃይኪንግ የሚባለው፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚደርሰው። ለወዳጄ የመከርኩት ይሄንን ነው፣ ከስክስና ሩጫ ጫማ ተጋብተው የወለዱት ልጅ በሉት። አንዱ እግር ከ500 እስከ 700 ግራም ነው፣ አፍንጫው በጎማ የተሸፈነ ነው፣ ሶሉ ጥርስ አለው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክር የሚይዝ መንጠቆ አለው። ቁልቁለቱን እንደ ከስክስ ባይሆንም ይችላል፣ ዳገቱን እንደ ሩጫ ጫማ ባይሆንም ያወጣል። የአክስቴ ልጅ ባለማንሻው ጫማ እኛ ጋ ያለው ዘመዱ ይሄ ነው።

ሶሉ ላይ ቢጫ ምልክት ውስጥ ቪብራም የሚል ጽሁፍ ካያችሁ ታሪኩ ደስ ይላል። ቪታሌ ብራማኒ የሚባል ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ አልፕስ ላይ ሞቱበት፣ አንዱ ምክንያት ጫማቸው ለዛ አየር የማይሆን መሆኑ ነበር፣ ከዛ በኋላ በ1937 ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ሰራ፣ ገንዘብ ያገዘው ደሞ የፒሬሊ ጎማ ፋብሪካ ሰው ነው። የዓለም ተራራ ወጪ የሚመካበት ሶልም ከመኪና ጎማ ቤት ነው የወጣው፣ የኛ በረባሶ ሰሪዎች ምናለሽ ተራ ቁጭ ብለው የደረሱበትን ማለት ነው። ብቻ ምልክቱን አይታችሁ አትመኑ፣ ምልክት ማንም ያትማል፣ በጥፍራችሁ ጫን በሉት፣ ደህና ጎማ ትንሽ ይሰጣል ተመልሶም ይነሳል፣ ፌኩ እንደ ፕላስቲክ ድርቅ ያለ ነው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ጉድ ይሰራሃል።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡ ምክንያቱም ብር የሚጠፋው እዚህ ነው። እኛ ጋ የሚገኘው የተራራ ጫማ አብዛኛው ሰልባጅ ነው፣ ከውጭ ተደርጎ የመጣ። ሰልባጅ ጥሩ ነው፣ ኦሪጅናል የማግኘት እድልህ ከአዲሱ ፌክ ይበልጣል። ግን የብዙዎቹ ጫማዎች ሶል ሁለት ንብርብር ነው፣ ከስር ጥቁሩ ጎማ፣ ከሱ በላይ ተረከዝህን የሚያሳርፈው እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር። ያ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን የሚባለው የፕላስቲክ አይነት ከሆነ እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ባይደረግም ይበላዋል፣ እንደውም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ጫማ ይብሳል። ከላይ ቆዳው አዲስ ይመስላል፣ ክሩ አዲስ ነው፣ ሻጩ "አንዴም አልተረገጠም" ይልሃል፣ እውነቱን ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ አስር አመት ሳይረገጥ ተቀምጧል።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ቆንጆ የቆዳ ጫማ ገዛሁ፣ ቤት ውስጥ ሳየው ሳየው ውዬ በሳምንቱ ከጓደኞቼ ጋር ጓሳ ሄድን። ጓሳ ያው መንዝ ነው፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መንጋውን የሚግጥበት፣ እድለኛ ከሆንክ ቀይ ቀበሮ የምታይበት፣ ህዝቡ ቄሮ በሚባል የአካባቢው የጥበቃ ስርአት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ሳሩ ጉብ ጉብ እያለ ነው የሚበቅለው፣ በጉብታና በጉብታ መሀል ጉድጓድ ነው፣ አንዳንዱ ውስጥ ውሃ አለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዛ ነው። ሁለት ሰአት እንደሄድን ከተረከዜ ስር ነጭ ነጭ ዱቄት መፍሰስ ጀመረ፣ ጭቃ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ከዛ የቀኙ ሶል ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ ከኋላዬ ቀረ። ጓደኞቼ ሳቁ። ሩብ ሰአት ሳይቆይ የግራውም ተከተለው፣ ያኔ ማንም አልሳቀም። አንድ እረኛ ልጅ በጓሳ ሳር የተገመደ ገመድ ከአህያው ጭነት ላይ ፈቶ ሶሉን ከጫማው ጋር እንደ ነዶ አሰረልኝ፣ በሱ ነው የተመለስኩት። የታሰረ ጫማዬን አይቶ "ጋሼ ይሄ የበጋ ነው?" አለኝ፣ ምን ልበለው።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ሊስትሮው በማስቲሽ ለጠፈልኝ፣ በሶስተኛው ቀን ተነሳ። ማስቲሽ ጥፋት የለበትም፣ የሚይዘው አጥቶ ነው፣ ስፖንጁ ራሱ ዱቄት ሆኗል። ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አድርጉ፦ ጎኑ ላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጥፍር በደንብ ተጫኑት፣ ጭረቱ ካልተመለሰ ወይ ቅንጣት ከረገፈ አስቀምጡት። ከዛ ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ሀይል ሰጥታችሁ እጠፉት፣ መታጠፊያው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ አስቀምጡት። ሻጩ ይናደዳል፣ ይናደድ። ዳሩ በክር የተሰፋ ሶል ካገኛችሁ ደሞ በጣም ጥሩ፣ እሱን ሊስትሮ ያድነዋል።

ጎርቴክስ የሚል ከተጻፈበት ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ውስጡ አለ ማለት ነው። ጓሳ ላይ ለጠዋት ጤዛ፣ ለብርድ፣ ጥሩ ነው፣ እዛ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግን ወንዝ ስትሻገር ውሃው ከላይ ከገባ አለቀ፣ የማያስገባው ነገር የማያስወጣም ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ኩሬ ይዘህ ትሄዳለህ። ያረጀ ሰልባጅ ላይ ደሞ ሽፋኑ ተቀዶ ስም ብቻ ሊሆን ስለሚችል ለሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ። ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው እንደውም ባይኖረው ይሻላል፣ ያቃጥላል።

ልክ። አብዛኛው ጥፍር የሚሄደው በጫማ አይነት ሳይሆን በልክ ስህተት ነው። እግር ከሰአት በኋላ ያብጣል፣ ስለዚ ጫማ ጠዋት አትግዙ፣ ማታ ማታ፣ የምትሄዱበትን ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። በቁጥር መሀል ያለው ልዩነት ሰባት ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስለዚ አንድ ቁጥር መጨመር የምታስቡትን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም፣ ጨምሩ። ሱቁ በራፍ ላይ ደረጃ ወይ የአስፋልት ጠርዝ አይጠፋም፣ እሱ ላይ ቁልቁል ቁሙና አፍንጫውን መሬት ላይ ሶስት ጊዜ ምቱ። ጣታችሁ ፊቱን ከነካ ጫማው የናንተ አይደለም። ተረከዛችሁ ደሞ ሽቅብ ስትረግጡ ከተነሳ ውሃ ይቋጥራል። ነጋዴው "ይሰፋል" ይላችኋል፣ ይሄን ቃል ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያም መርካቶም ሰምቼዋለሁ። ቆዳ ወደጎን ሊሰፋ ይችላል፣ ወደፊት የረዘመ ጫማ ግን አላየሁም።

ካልሲ ላይ አትሰስቱ። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ እርጥብ ጥጥ ቆዳ ይልጣል። ሱፍ ይሻላል፣ መንዝን የሚያህል የበግ አገር ይዘን ባና እየሸመንን የሱፍ ካልሲ ፈልጎ ማግኘት ግን ስራ ነው፣ ካገኛችሁ ሁለት ግዙ።

አሁን ማንሻው። ሽቅብ ስትሄዱ ከእግር ጀርባ ላይ ያለውን ክር ልከኛ አድርጋችሁ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን አላሉት፣ እንደውም የላይኛውን ሁለት መንጠቆ ዝለሉት፣ ባታችሁ ወደፊት መታጠፍ ስላለበት ነው፣ ካልታጠፈ በጣታችሁ ነው የምትወጡት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ በሉ። ክሩን እስከታች ፍቱ፣ ተረከዛችሁን መሬት ላይ ሁለት ሶስቴ መታ መታ አድርጋችሁ ወደኋላ አስቀምጡት፣ ከዛ ከጣት በኩል እያጠበቃችሁ ኑና ቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ ክሩን ሁለት ጊዜ አዙራችሁ ድርብ ቋጠሮ አድርጉ፣ ቋጠሮው እዛው ይቆልፈዋል፣ ከሱ በላይ ያለውን እንደተመቻችሁ እሰሩ። ይሄ ተረከዝን ወደኋላ ይዞ ጣትን ከፊት ያርቃል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሰላሳ አመት ሳላውቀው ኖሬ ነው ያውም እዚህ ተወልጄ፣ ጓደኞቼ አሁንም "ምነው ቁጭ አልክ ደከመህ?" ይሉኛል፣ ታች ስንደርስ ማን እንደሚያነክስ እናያለን።

አንድ የረሳሁት፣ ቤተክርስቲያን የሚሳለም ሰው ጫማ ማውለቅ አለበት። ጻድቃኔ ማርያም ስትሄዱ ወይ በየመንገዱ ደብር ባለ ቁጥር ከስክስ መፍታት ማሰር ራሱን የቻለ ስራ ነው፣ መንጠቆ ያለው ጫማ ቶሎ ይፈታል። የወለቀው ጫማም ጥሩ ከሆነ አይን ይገባል፣ ጥንዱን ለያይታችሁ አስቀምጡ።

እና ለወዳጄ ምን አልኩት? ጓሳም አንኮበርም ከሆነ፣ ጀማሪ ከሆንክ፣ ቦርሳ ከያዝክ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የተራራ ጫማ፣ አንድ ቁጥር ጨምረህ፣ ስፖንጁን በጥፍርህ ፈትነህ። ደረቅ ወቅት ሆኖ ቀለል ብለህ ደርሶ መልስ ከሆነ ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ። ሐምሌ ላይ ከሆነ ግን ጫማ አትግዛ፣ እስከ መስቀል ጠብቅ፣ ያ ገደል ሲረጥብ ምንም ጫማ አያምነውም። ቀሪ ብር ካለህ ከጫማ ሱቅ ወጥተህ ደህና ዱላ ግዛ፣ ቁልቁለት ላይ ከጉልበትህ ላይ ብዙ ያነሳልሃል፣ አንኮበር ላይ ያለ ዱላ የሚወርድ ሽማግሌ አታይም።

ትናንት ማታ ደውሎ "ሶስተኛው ሱቅ ላይ ነኝ፣ ሁለቱ ላይ ስጫን ዱቄት ሆኖ ረገፈ፣ ሰውየው ከሱቅ አስወጣኝ" አለኝ። በርታ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ ጥፍርህን ከመነሳትህ በፊት ባለው ማታ አሳጥረህ ቁረጥ አላልኩትም፣ ረጅም ጥፍር በየትኛውም ጫማ ውስጥ ይመታል፣ ማን ያውቃል ይሄን ካነበበው ይድናል።